የመጨረሻዋ ነጭ ቁልፍ

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

እኔ ናዝሬት በሱፍቃድ፣ ዕድሜዬ አሥራ ስድስት፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ በልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነዋሪ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በሙሉ አእምሮዬና በባዶ ሆዴ፣ ከዚህ በታች የተጻፈውን እናዘዛለሁ። ይህ ደብተር የእኔ አይደለም።

የእትዬ ወለተሰንበት ነው። ለእህቴ ለለሊሴ ሠርግ የሚጠሩትን ሰዎች ስም ሊይዙበት ገዙት፤ ሦስት ገጽ ሞልተው ቡፌው ላይ አስቀመጡት፤ እኔም የቀሩት ገጾች አሳዘኑኝና ወሰድኩት። የተጠሪዎቹን ገጾች አልቀደድኩም። ሌባ ነኝ እንጂ አረመኔ አይደለሁም። አሁን እትዬ ሶፋውን እየገለበጡ «ሰይጣን ነው የወሰደው» ይላሉ። የሶፋውን ያኛውን ጫፍ ይዤ የማግዛቸው እኔ ነኝ።

እትዬ የአባዬ ታላቅ እህት ናቸው። እማዬ ያረፈች ጊዜ «እስከ አርባው ልቆይ» ብለው አንዲት ሻንጣ ይዘው መጡ። ይኸው አራት ዓመት ሆነ፤ አርባው አላለቀላቸውም።

ሠርጉ ግንቦት 3 ነው። ሙሽራው ሙሌ ይባላል፤ ሰንጋ ተራ ካሉት ፎቆች በአንዱ የሚሠራ፣ ሲያስነጥሰው እንኳ ይቅርታ የሚጠይቅ ልጅ ነው። ዛሬ መጥቶ ከእትዬ ጋር ስለ አዳራሽና ስለ ወንበር ሲነጋገሩ ለሊሴ ድንገት ወደ አባዬ ዞረች። እኔ ሌላ ነገር አልፈልግም አለችው፤ ወደ አዳራሹ ስገባ ያቺን ቁልፍ ንካልኝ።

ሁሉም ሰው የሳሎኑን ጥግ አየ።

ጥጉ ላይ ከአምፕሊፋየሩ ጋር የአባዬ ኪቦርድ አለ። እትዬ ዳንቴል አልብሰውታል፣ ከላዩ የፕላስቲክ አበባ አስቀምጠውበታል፣ ስሙንም «ፒያኖው» ብለውታል። እውነተኛ ስሙ ሳምፕለር ነው። ሌላው ኪቦርድ ድምፁን ከፋብሪካ ይዞ ይወጣል፤ ይሄ ግን የቀዱለትን ነው የሚጫወተው። ክራር ከቀዱለት ክራር፣ ሳል ከቀዱለት ሳል። አባዬ አሁን የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ነው የሚሠራው እንጂ፣ ድሮ ሃያ ዓመት ሙሉ በየሠርጉ ሲዞር በዚህ ነው የተጫወተው። ኪቦርዱ አንድ ጠባይ አለው። ሲጠፋ ሁሉን ይረሳል። መልሶ ሲበራ ከሥሩ ያለውን ግራጫ የብረት ሳጥን፣ ሀርድ ዲስኩን ማለቴ ነው፣ እየጠየቀ አንድ በአንድ ያስታውሳል።

በስተቀኝ የመጨረሻዋ ነጭ ቁልፍ ላይ የእማዬ እልልታ አለ። እኔ የሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ገና ጌጃ ሰፈር በቆርቆሮ ቤት ሳለን ነው አባዬ የቀዳት። ሠርግ ላይ ሴቶቹ ሲደክማቸው ያቺን ቁልፍ ይነካታል። እልል ሲባል ሰምታ ዝም የምትል ሴት የለችም፤ ማን እንደጀመረው ሳያውቁ ሁሉም ይቀበሉታል፣ አዳራሹ ይነሳል። እማዬ እንዲህ ሆና ያልተጠራችበት ሠርግ ሁሉ ሄዳለች።

ካረፈች ወዲህ አባዬ ዳንቴሉን ገልጦ አያውቅም። ለለሊሴም «እናያለን» ብቻ አላት።

እኔ እንኳ ድምጿን በደንብ አስታውሳለሁ። ለለሊሴ ብዬ ነው የማስበው።

መጋቢት 8፣ ሰኞ

በጥድፊያ። ታክሲ እያመለጠኝ ነው።

ደረጃ ላይ የሰማሁት፦ ጋሽ ሀብተ ማርያም ለጥበቃው «በሱፍቃድ እኮ ከሚስቱ ወዲህ ጣቱ ደርቋል» አሉ። ጋሽ ሀብተ ማርያም የብሎካችን ኮሚቴ ሊቀመንበር ናቸው። ስለ ባልዲ፣ ስለ ምንጣፍ ማራገፍ፣ ባለፈው ደግሞ «በደረጃ ላይ ስለሚሳቅ ሳቅ» ማስታወቂያ ለጥፈዋል። የእሳቸው ጣት ከማስታወቂያ ሌላ ምን ሠርቶ ያውቃል።

እትዬ ዛሬ ደብተሩን ማቀዝቀዣ ውስጥ ፈለጉት።

መጋቢት 11፣ ሐሙስ

የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ምሥጢር አይችልም። ተኝቼ ሰማኋቸው። እትዬ፣ ትነካላታለህ ወይስ አትነካላትም ብለው ያዙት። አባዬ መለሰላቸው፦

«እነካላታለሁ። ግን የዚያን ቀን ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ነው የምችለው።»

ቀጥሎ ዲስኩ አርጅቷል፣ አራት ዓመት ሳይበራ የቆመ ነገር ይነሳ አይነሳ እንጃ አለ። ታዲያ ለምን አሁን አይሞክረውም ብዬ ሳልጨርስ እትዬ መለሱልኝ። በሁዳዴ ፒያኖው አይከፈትም፤ ፋሲካ ይለፍ። የጾም ሕግ የእሳቸው ክፍል ነው፤ ማንም አይከራከርም።

እኔ ግን አሰብኩ። ዲስኩ ከሞተ እማዬ ሁለተኛ ልትሞት ነው። ከመሞቱ በፊት ያለውን ሁሉ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ፣ ሌላ የለውም። ማዳመጥ አይደለም፣ መገልበጥ። በጾም መገልበጥ የሚከለክል የለም። ችግሩ ሳጥኑ ከጀርባው ያለው ሶኬት ሰፊ፣ ቀዳዳው ብዙ፣ የድሮ ነው፤ የለሊሴ ላፕቶፕ እንዲህ ያለ አፍ የለውም።

ጌጃ ሰፈር ጋሽ ኑሪ አሉ። ቴሌቪዥንና አምፕሊፋየር ይጠግናሉ፤ ማንም የጣለውን ኮምፒውተር አይጥሉም። ስደውልላቸው «ያ ሶኬት ያለው አንድ ሽማግሌ ኮምፒውተር አለኝ፣ እኔን ይመስላል» አሉኝ።

አባዬን አላስፈቅደውም። «ናዚ፣ አይሆንም» ይለኛል፤ ቀላል ነው። በዚህ ቤት ሁሉም ናዚ ነው የሚለኝ። እትዬ «አንቺ» ይሉኛል። ሙሉ ስሜን የምትጠራው እማዬ ብቻ ነበረች፣ እሱም ጥፋት ላይ ስትይዘኝ።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

ዛሬ ምንም አልሆነም።

እትዬና ለሊሴ ጨርቅ ሊያዩ መርካቶ፣ አባዬ ለቅሶ ሊደርስ ወጡ። ሳጥኑን ከኬብሉ ነቅዬ ትምህርት ቤት ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ቦታው ባዶ እንዳይሆን ምድር ላይ ከወዳደቀው ጡብ አንዱን አምጥቼ በሳጥኑ ቦታ አስቀመጥኩና ዳንቴሉን ወደ ታች ሳብ አደረግኩበት። እንዲያውም ከሳጥኑ ያምራል።

የጋሽ ኑሪ ሱቅ የቴሌቪዥን ሆድ ዕቃ የተዘረገፈበት ጠባብ ክፍል ነው። እሳቸው ረመዳን፣ እኔ ሁዳዴ፤ ሁለት ደረቅ ከንፈር። የበሱ ልጅ ነሽ አሉ፤ አባትሽ እኔ ሠርግ ላይ ተጫውቷል፤ ማምጣትሽን ያውቃል? ያውቃል አልኩ።

ሳጥኑን ከሽማግሌው ኮምፒውተር ጋር አገናኙት። ሳጥኑ መጀመሪያ አጓራ፣ ቀጥሎ ዝግ ብሎ መዞር ጀመረ፣ የተኛ ሰው እንደሚተነፍስ። አልሞተም ነበር። ጋሽ ኑሪ «እስክመለስ ምንም አትንኪ» ብለው ለሶላት ወጡ። ተመለሱ። ሳጥኑ እሳቸው ጋ ይቆይ ተባባልን።

ምንም አልሆነም።

መጋቢት 14፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ራሴን አሞኛል አልኩ። ለሊሴ ግንባሬን ነካች። ትኩሳት የለሽም አለች። አለኝ አልኩ። የላትም አለች ለእትዬ። ባቡሩ ባለፈ ቁጥር ቡፌው ውስጥ ብርጭቆዎቹ ይንጫጫሉ። ስንት ባቡር እንዳለፈ አውቃለሁ።

መጋቢት 16፣ ማክሰኞ

እሺ።

ጋሽ ኑሪ እንደወጡ ኮምፒውተሩ ጥያቄ ጠየቀኝ። ይህ ዲስክ ከመሥራቱ በፊት ፎርማት መደረግ አለበት፤ ይደረግ ወይ? እኔ ስልክም ላፕቶፕም ለጠየቀኝ ጥያቄ ሁሉ አዎ ነው የምለው። ማንም ሰው አንብቦ አዎ አይልም። አዎ አልኩ። አረንጓዴዋ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ሄደች። ደስ ትል ነበር። ሞላች። ዲስኩን ከፈትኩት። ባዶ።

ጋሽ ኑሪ ሲመለሱ አልተቆጡኝም። ወንበር ስበው ተቀመጡ። ይሄ ነው የከፋው። ይቺ ኪቦርድ ዲስኩ ላይ በራሷ እጅ ጽሕፈት ነው የምትጽፈው አሉኝ፤ ኮምፒውተሩ ጽሕፈቷን ማንበብ ስላልቻለ ያልተጻፈበት ወረቀት መስሎት ነው።

አራት ዓመት ማንም ያልነካትን እኔ በአንድ አዎ።

ቁልፏን ለለሊሴ ብዬ ነበር ያልኩት። አሁን ሳስበው ለለሊሴ ብቻም አይደለም። ብቻ ድምጿን በደንብ አስታውሳለሁ። ከሆነ ነገር በኋላ ሳቅ የማለት ልማድ ነበራት። ከምን በኋላ እንደሆነ ነው ለጊዜው የጠፋኝ።

መጋቢት 19፣ ዓርብ

ምሳ ላይ እትዬ «የፒያኖው አበባ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል፤ ማን ነካው?» አሉ። አባዬ ከሳህኑ ቀና ሳይል «እኔ ነኝ» አለ።

አባዬ ነክቶት አያውቅም። ታዲያ ለምን ዋሸ? ምናልባት እትዬ እንዳይነዘንዙ ነው። እኔም ብሆን እንዲያ እላለሁ።

መጋቢት 24፣ ረቡዕ

ኢድ ካለፈ በኋላ ጋሽ ኑሪ ዘንድ የሄድኩበት የመጀመሪያ ቀን። ጋሽ ኑሪ የባቅላቫ ቁራጭ በወረቀት ጠቅልለው ለፋሲካ አስቀምጪው አሉኝ። ቀጥለው ሲናገሩ ጆሮዬን አላመንኩም።

ፎርማቱ ሁሉን አላጠፋም። የተጣደፈ ፎርማት ነው፤ የቀደደው ማውጫውን ነው፤ ገጾቹ አሉ። ግን የትኛው ድምፅ የት እንደሚጀምር፣ የት እንደሚያልቅ፣ የማን እንደሆነ የሚናገር የለም። ዲስኩን እንዳለ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ወደ ኮምፒውተራቸው ገልብጠውታል። ሁለት ሰዓት የሚጠጋ አንድ ረጅም ድምፅ ሆኗል።

ከፈቱት። የቆርቆሮ ላይ በረዶ ነው፣ ሌላ ምንም የለም። አለቀስኩ ማለት ይቻላል። ጋሽ ኑሪ «ቆይ፣ ይቺ ከኋላ ወደፊት ነው የምትቆጥረው» ብለው የሆነ ነገር ገለበጡ። በረዶው ቆመና ከውስጡ ክራር ወጣ። አንዲት ክር፣ ጥርት ያለች፣ ብቻዋን።

ፍላሽ ላይ አድርገው ሰጡኝ። ቁጭ ብሎ የሚሰማ ሰው ያስፈልጋል አሉ፤ እናትሽን የሚያውቅ ሰው። እኔ አውቃታለሁ አልኳቸው።

መጋቢት 27፣ ቅዳሜ

እትዬ የጆሮ ማዳመጫውን አይተው በሁዳዴ ምን እየሰማሽ ነው አሉ። ፊዚክስ አልኩ። ድምፅ ፊዚክስ ነው፤ ይሄን እንደ ውሸት አልቆጥረውም።

አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ፣ ከሰዓት፣ ዝናቡ ሊመጣ ሲያስብ፣ እሰማለሁ። ክራር። ግማሽ ከበሮ። መሰንቆ፣ የጀመረችውን ሳትጨርስ ትቆማለች። ሰው «አንድ፣ ሁለት» ይላል። ማስነጠስ። የመኪና ጡሩምባ። እንደገና ክራር፣ አሁን ከፍ ብሎ። በመካከሉ አንዳንዴ ረጅም ጸጥታ አለ፣ ጸጥታውም ሽታ ያለው ይመስለኛል፣ የድሮው ቤት። ዓይኔን ስጨፍን አባዬ የተጫወተባቸው ሠርጎች ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ ተደርድረው ተኝተው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚያልሙ ይመስለኛል። እኔ በጫማዬ መሀላቸው እየተራመድኩ ሙሽራ እፈልጋለሁ። ሁሉም ሙሽራ ፊቷን ሸፍናለች።

ስነቃ መሽቷል፤ ጆሮዬ ውስጥ አሁንም ከበሮ አለ። የት ላይ እንደተኛሁ ስላላወቅኩ እንደገና ከመጀመሪያው።

ሚያዝያ 2፣ ሐሙስ

ዝርዝር እየያዝኩ ነው፤ እትዬ የተጠሪዎችን ስም በያዙበት ደብተር ጀርባ። 12ኛ ደቂቃ መሰንቆ። 26ኛ ደቂቃ ጭብጨባ። 33ኛ ደቂቃ አባዬ ይስላል። 41ኛ ደቂቃ እንደ ወፍ የምትንጫጫ ሴት፣ የማላውቃት። 58ኛ ደቂቃ ዋሽንት።

እልልታ የለም። ሁለት ጊዜ ሰምቼ ጨርሻለሁ። የለም።

ሚያዝያ 4፣ ቅዳሜ

ጋሽ ኑሪ ዘንድ። እልልታ የለም አልኳቸው። ጺማቸውን አሻሹ። ድሮ ዲስክ ጠባብ ስለነበር አባትሽ ቦታ እንዲተርፈው አንዳንዱን ድምፅ በግማሽ ልኬት ቀድቶ ይሆናል፤ ያ ከሆነ እጥፍ ፈጥኖ ነው የምትሰሚው፤ አዝግሚው አሉ። እንዴት እንደሚዘገም አሳዩኝ።

ወደ ቤት ስመለስ አንድ ነገር አየሁ። በሳጥኑ ቦታ ያስቀመጥኩት ጡብ ተወልውሏል። አንዲት አቧራ የለውም። እትዬ የማይወለውሉት ነገር የለም፤ ጡብ መሆኑን እንኳ አላስተዋሉም። ዕድሜ ለዓይናቸው።

ሚያዝያ 9፣ ሐሙስ

ለሊሴ ቀሚሷን ለካች። መስታወት ፊት ቆማ «ናዚ፣ አባዬ ይነካልኛል አይደል?» አለችኝ። በእርግጠኝነት አልኳት። እንዲህ በቀላሉ ይወጣል። አዎ የሚለውን ቃል ከአፌ የሚነቅል ሐኪም ቢኖር።

አዝግሜ ሰማሁ። 41ኛ ደቂቃ ላይ ያለችው ወፍ ሰው ሆነች። አንዲት ሴት ናት፣ ትስቃለች፣ ከኋላዋ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ አለ። ደስ የሚል ሳቅ ነው፣ ከጉሮሮ የሚነሳ። የማን ሙሽራ ይሆን አልኩና አለፍኳት። መብራት ሄደ።

ሚያዝያ 12፣ እሑድ፣ ፋሲካ

ዶሮ። ባቅላቫው ደርቋል፤ ቢሆንም በላሁት።

ከቅዳሴ መልስ ለሊሴ፣ እንግዲህ ጾሙ ወጣ፣ ፒያኖው ይከፈት አለች። አባዬ ጣቱን በዳቦ ፍርፋሪ ላይ እያንሸራተተ «አንድ ኬብል ጎድሎታል፤ አፈላልጋለሁ» አላት።

ኬብል አልጎደለውም። ኬብሎቹን አንድ በአንድ የነቀልኩት እኔ ነኝ፤ ሁሉም እዚያው ናቸው። አባዬ ዕቃውን ረስቶታል ማለት ነው። እግዜር ይስጠው።

ሚያዝያ 18፣ ቅዳሜ

አሁን በዝግታ ልጻፈው።

ዛሬ ከሰዓት 41ኛው ደቂቃ ላይ ያለችውን ሴት ሳላቋርጥ ሰማኋት። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ሳቋን ስለወደድኩት ነው። ትስቃለች። ዝናቡ አለ። የሆነ ነገር ይንኳኳል፣ ማይክራፎኑን ትንሽ እጅ እየመታው ይመስላል። ሳቋን ታቆምና እንዲህ ትላለች፦

«ናዝሬት፣ ተይ። የአባትሽን ዕቃ አትንኪ።»

ቀጥሎ ትንፋሽ ትስባለች። ቀጥሎ እልልታው።

ሦስት ሳምንት ሙሉ በአጠገቧ እያለፍኩ ነበር። ደብተሬ ላይ በእጄ «የማላውቃት» ብዬ ጽፌያለሁ። ፍጥነቱ ልክ አልነበረም እላለሁ፤ መጀመሪያ ላይ ልክ አልነበረም። ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ግን ልክ ነበር። ሐሙስ ዕለት ልክ በሆነው ፍጥነት፣ ልክ በሆነው ድምጿ ስትስቅ ሰምቼ የማን ሙሽራ ናት ብዬ አልፌያታለሁ። ስሜን ባትጠራኝ ኖሮ አሁንም አላውቃትም ነበር።

እንዳስታውስ እየዋሸሁ እንደነበር ይህ ደብተር ቀድሞ ያውቅ ነበር መሰለኝ። መልሼ ሳነበው ስንቴ እንደጻፍኩት አፈርኩ።

እሷ ግን አውቃኛለች። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ነው የምትለኝ። እኔም አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አልሰማኋትም።

ሚያዝያ 21፣ ማክሰኞ

ለጋሽ ኑሪ አሰማኋቸው። የጆሮ ማዳመጫውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብለው አስቀመጡት፣ እንደሚሰበር ነገር።

ዲስኩ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር አሉ፤ አባትሽ ቦታ ሲጠበው ክራሩንም መሰንቆውንም እየቆረጠ ነው። እልልታው ለሥራው ይበቃው ነበር፤ ከፊቱ ያለውን ሳቅና ንግግር ቢቆርጥ ግማሽ ቦታ ይተርፈው ነበር። «ይቺን ግን አልቆረጣትም» አሉ።

ከመሳቢያቸው አንዲት ፍሎፒ ፈልገው አወጡ፣ የድሮ ዘመን ፍላሽ በሏት፣ ጥቁር፣ ስፋቷ መዳፍ የምታህል። ኪቦርዱ በጎኑ የፍሎፒ አፍ አለው፤ እልልታው አጭር ስለሆነ ይቺ ትችለዋለች። የቀረውን ቀስ እያልን እናወጣዋለን አሉኝ። ፍሎፒዋ ላይ ምን ብዬ ልጻፍበት ሲሉኝ ምንም አይጻፉ አልኳቸው። ሳጥኑንም መለሱልኝ። ሲሸኙኝ «አሁን ለአባትሽ ንገሪ» አሉ። ያውቃል ማለቴን ያመኑበት ቀን የለም ማለት ነው።

ሚያዝያ 26፣ እሑድ

ሳጥኑን ወደ ቦታው መለስኩ። ጡቡን ልጥለው ነበር፤ አንሶላዬ ሥር አስቀመጥኩት። ንጹሕ ነው።

ሦስት ጊዜ ልነግረው ሞከርኩ። አንዴ ጋዜጣ እያነበበ ነበር። አንዴ እትዬ ገቡ። ሦስተኛው ላይ ማንም አልነበረም፤ «አባዬ» አልኩት፤ «ወዬ» አለኝ፤ ሰዓት ስንት ነው አልኩት። ነገረኝ። ቀጥሎ «ሌላስ?» አለ። ሌላ የለም አልኩ።

ለሊሴ ኬብሉ ተገኘ ወይ ብላ ጠይቃዋለች። አሁን ደግሞ ፊውዝ ነው አላት።

ሚያዝያ 30፣ ሐሙስ

እትዬ አዲስ ደብተር ገዙ። ሦስቱን ገጽ ከትዝታቸው መልሰው ሞሉት። አንድም ስም አልሳቱም፤ አመሳክሬዋለሁ። እንዲያውም ጋሽ ኑሪን ጨምረዋል። ማን እንዳስጨመራቸው ስጠይቅ አባትሽ አሉኝ። ከየት ትዝ አሉት አልኩ። ሠርጋቸው ላይ ተጫውቶ አይደል አሉ።

ሠርጉ እሑድ ነው። ነገ እነግረዋለሁ። ግን መጀመሪያ እንደሚሠራ ልይ። ባዶ እጅ ይዞ ጥፋት አይነገርም።

ግንቦት 1፣ ዓርብ፣ ልደታ

ግቢው ውስጥ ንፍሮ ተጥዷል። የብሎኩ ሴቶች እሳቱን ከበዋል፣ ልጆች ይሯሯጣሉ፣ ጋሽ ሀብተ ማርያም እሳቱ ከግድግዳው የራቀበትን በእርምጃቸው እየለኩ ነው። አልመሸም። ፀሐይዋ ከባቡሩ ሐዲድ በላይ ተንጠልጥላ ሳሎኑን ብርቱካን አድርጋዋለች፣ ዳንቴሉን፣ የፕላስቲክ አበባውን፣ እጄን። እኔ ሆዴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ደብተሩን ኪቦርዱ ጫፍ ላይ ዘርግቼ ነው የምጽፈው።

ዳንቴሉን አጥፌ አስቀመጥኩ። አበራሁት። ምንም አያውቅም፤ ማንንም አያስታውስም። ፍሎፒዋን አጎረስኩት። እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ከርር፣ ከርር፣ ቆመ፣ እንደገና ከርር። መሙላት እንዳለቀ ጻፈልኝ። እልልታውን በመጨረሻዋ ነጭ ቁልፍ ላይ ለለሊሴ አስቀመጥኩት። ከእሷ በፊት ባለችው ነጭ ላይ ደግሞ ስሜን። ያቺ የእኔ ናት። የአባዬም ናት መሰለኝ።

የጆሮ ማዳመጫዬን ሰካሁ። ስሜን ነካሁ። ተይ አለችኝ። እሺ አልኳት። ቀጥሎ የመጨረሻዋን ነካሁ፣ እስክታልቅ ጣቴን አላነሳሁም። ክፍሉ ያጠረ መሰለኝ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ሆነ፣ ዝናቡ መጣ፣ እኔም ወለሉ ላይ ተቀምጬ ከታች ወደ ላይ የማያት መሰለኝ።

አለቀ። ግን እልልታው አልቆመም።

የሚቀጥል መስሎኝ ጣቴን አየሁ። አንስቼዋለሁ። ማዳመጫውን አወለቅኩ። ከታች ነው። ከግቢው። ሴቶቹ እየተቀበሏት ነው፣ ሁሉም፣ ጭልፋና ሳህን በእጃቸው እንደያዙ፣ ማን እንደጀመረው ሳያውቁ።

ማዳመጫ ሲሰካ ድምፁ ወደ ውጭ አይወጣም ብዬ ነበር። ላፕቶፕ እንደዚያ ነው። ይሄ ሽማግሌ በሁለቱም በኩል ነው የሚያወራው። አምፕሊፋየሩ ቀይ መብራቱ በርቷል። እኔ አላበራሁትም። እኔ ብቻዬን ከመቅረቴ በፊት ከዚህ ክፍል በመጨረሻ የወጣው አባዬ ነው።

በመስኮቱ አየሁ። እልልታው አሁን ቆሟል። ሁሉም ወደ አራተኛ ፎቅ ቀና ብለዋል። እትዬ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል፤ ደንግጠው ነው፣ ድምጿን እሳቸውም አውቀዋታል፣ ከእኔ ቀድመው። ለሊሴ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ቆማለች። የአባዬ በርጩማ ባዶ ነው።

አንድ ጊዜ ነው የምችለው ብሎ ነበር። ያቺን አንዷን ጊዜ እኔ ዛሬ ጨረስኩበት?

ደረጃው ላይ ኮቴ አለ። የእትዬ አይደለም፤ እሳቸው በየሁለት ደረጃው ማርያምን ይጠራሉ። የሚመጣው ሰው ምንም አይልም፣ አይሮጥም፣ በየፎቁ ትንሽ ይቆማል። ሦስተኛ። አራተኛ።

በሩ ተከፈተ። ቀና አላልኩም። ካላየሁት አያየኝም፤ የሁለት ዓመት ልጅ እንደዚያ ነው የሚያስበው። እየጻፍኩ ነው። ከኋላዬ ቆሟል፣ ትንፋሹ ይሰማኛል፣ አራት ፎቅ ወጥቷል። ኪቦርዱን እያየ ነው፣ ፍሎፒዋን፣ ይሄን ደብተር፣ ይቺን

«ናዝሬት» አለ።